«የሠለጠነ ምላስ አይዋሽም»፦ በዓለም ምርጥ ሬስቶራንቶች ዝርዝር ላይ የጅማ ልጆች ሙግት

ሂርማታ፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ የ2025ቱን የዓለም 50 ምርጥ ሬስቶራንቶች ዝርዝር የለጠፈው ወንድማችን ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሯል። «ከኢትዮጵያ አንድም የለም፤ ደረጃችን ይኸው ነው።» የማን ደረጃ? ማን ለካን? ፔሩ፣ ሊማ ያለው ማይዶ የሚባል ቤት አንደኛ ወጥቷል፤ ደግ አደረገ። ግን ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ ተሰብስበው ስም ስለጠሩ የእኛ ጓዳ ደረጃው ታወቀ የሚባለው በየት አገር ሂሳብ ነው? ከነዚያ መራጮች መካከል የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ ጅማ ላይ ምሳ የበላ አንድ ሰው ጥሩልኝና ዝም እላለሁ።

የሆቴል ሰው፦
የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ምን ያስደብቀኛል። መራጮቹ ከመንገድ የታፈሱ ሰዎች አይደሉም። ሲሦው ሼፍና የሬስቶራንት ባለቤት ነው፣ ሲሦው የምግብ ጸሐፊ፣ የቀረው ዓለምን ዞሮ የበላ። እነዚህ ሰዎች የቅቤ ሶስ ከ58 ዲግሪ አልፎ መለያየቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ካለችው የዘይት ክር ያውቃሉ። ዓሣው ከምጣድ ወርዶ አስተናጋጅ ሲጠብቅ መቆየቱን ከቆዳው ያውቃሉ፤ ሲነከስ ካልተሰበረ የራሱ እንፋሎት አርሶታል። እኛ ጋ ያለው መለኪያ «ይጣፍጣል» እና «እንትን ቤት ይሻላል» ነው። የሠለጠነ ምላስ አይዋሽም፤ ቅር ያለው ምላሱን ያሠልጥን።

አጂፕ ማዶ፦
«የሠለጠነ ምላስ አይዋሽም።» ይህቺን ባጃጅ ኋላ ላይ ማስጻፍ ነው። ለመሆኑ የጎማ ነጋዴ ከመቼ ወዲህ ነው የወጥ ዳኛ የሆነው?

መምህር፦
አጂፕ፣ ሁለት ነገር አደባለቅህ። ጎማ ሻጩ ሚሼሊን ነው። በ1900 ፈረንሳይ ውስጥ ባለመኪናው ብዙ እንዲነዳ፣ ጎማውም ቶሎ እንዲያልቅ ብለው በነጻ ያደሉት የመንገድ መጽሐፍ ነበር። ኮከብ የገባው በ1926፣ ባለሦስት ደረጃው በ1931። አንድ ኮከብ «መንገድህ ላይ ካገኘኸው ቁም»፣ ሁለት «ከመንገድህ ታጥፈህም ቢሆን ሂድ»፣ ሦስት «ለእሱ ብለህ ጉዞ ተነሣ» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ መለኪያው ራሱ በነዳጅ ነው።
ትናንት የተለጠፈው ግን ያ አይደለም። የ50ዎቹን ዝርዝር በ2002 የጀመረው አንድ የእንግሊዝ የሬስቶራንት መጽሔት ነው። መርማሪ የሚባል የለውም፤ ምርጫ ነው። ከ1,000 የሚበልጡ መራጮች፣ ለእያንዳንዳቸው 10 ድምፅ፣ ባለፉት 18 ወራት ከበሉባቸው ቤቶች ብቻ። ይህን ይህን እዩ የሚል መስፈርት የለ፣ የነጥብ ቅጽ የለ። ደግሞ ከ2019 ወዲህ አንዴ አንደኛ የወጣ ቤት ዳግም አይወዳደርም። ኖማ የለም፣ ሴንትራል የለም፣ ዲስፍሩታር የለም። እና የ2025 አንደኛ ማለት አንደኛ ካልወጡት ውስጥ አንደኛ ማለት ነው።

ሂርማታ፦
ይህ 1900 በእኛ ነው በፈረንጅ?

መምህር፦
በፈረንጅ። በእኛ 1892። አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ነበሩ።

ቦሳ ቂጦ፦
አባ ጅፋር ቤት ግብር ሲበላ ኮከብ የጠየቀ አልነበረም።

አጂፕ ማዶ፦
ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠ ዳኛ ምን እንደሚገጥመው ያውቃላ።

ቀማሽ፦
ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። የሆቴል ሰው፣ «የሠለጠነ ምላስ አይዋሽም» የምትለውን ጅማ ላይ ሆነህ ባትለው ጥሩ ነበር። ይህች ከተማ በምላስ ነው የምትተዳደረው። የቡና ቅምሻ ያ ሁሉ ሥርዓት የወጣለት የሠለጠነ ምላስ ስለሚዋሽ ነው።
ቆጥረህ ያዝልኝ። ናሙናው ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይቆላል፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ያርፋል። 8.25 ግራም ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ። ውሃው 93 ዲግሪ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል፤ ከዚያ ላዩ ላይ የጋገረው ዱቄት በማንኪያ ይሰበራል፣ አፍንጫ እዚያው ስኒው አፍ ላይ ነው። አረፋው ይገፈፋል። ወደ 70 ዲግሪ ሲወርድ ቅምሻ ይጀመራል፤ ለብ ሲል እንደገና፣ ሲበርድ እንደገና። ሙቀት የደበቀው ጉድለት ሲበርድ ይወጣልና። የተቀመሰው ይተፋል፤ ካልተተፋ አስረኛው ናሙና ላይ ምላስ የለም።
ደግሞ ከአንድ ናሙና የሚቀዳው አንድ ስኒ አይደለም፤ አምስት ነው። ለምን? አንድ የበሰበሰ ፍሬ የሚገባው አንዱ ስኒ ውስጥ ብቻ ነው። አራቱ ንጹሕ፣ አንዱ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ፣ አንድ ስኒ ብቻ የቀመሰ ሰው ከአምስት አራት ጊዜ «እሰይ» ብሎ ይሄዳል። ስኒው ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ የማን ማሳ እንደሆነ ቀማሹ አያውቅም። ቀማሾቹም ከመጀመራቸው በፊት አንድ ቡና አብረው ቀምሰው ነጥባቸውን ያስተያያሉ። አንዱ ከመቶ 86 ብሎ ሌላው 81 ካለ እዚያው ይነጋገሩበታል፣ እንደገና ይቀምሳሉ።
አሁን ዝርዝርህን እየው። መራጩ የቤቱን ስም ያውቃል፣ የሼፉን ፎቶ አይቷል፣ ለመግባት ሦስት ወር ወረፋ ጠብቋል፣ ከዚያ አንድ ምሽት ይበላል። አንድ ስኒ፣ ያውም ስም የተጻፈበት ስኒ።

አጂፕ ማዶ፦
«ስም የተጻፈበት ስኒ።» ዘጋችው። ሌላ ርእስ አምጡ።

የሆቴል ሰው፦
ምኑን ዘጋችው? እህቴ፣ ሙያሽን አከብራለሁ፤ ግን ምግብ ቡና አይደለም። ናሙና ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳህን ከወጥ ቤት ወጥቶ በ3 ደቂቃ ካልተበላ ሌላ ምግብ ነው። ቁጥር ለጥፈሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ ምን ልትቀምሺ ነው? የረገበ ዓሣ? የቆዳ ልባስ ያወጣ ሶስ? ደግሞ ፋይን ዳይኒንግ፣ ማለትም የከፍተኛ ሬስቶራንት መስተንግዶ፣ ምላስ ብቻ አይደለም። አራት ሰው አዝዞ አራቱም ሳህን እኩል መድረሱ፣ ሁለተኛው ምግብ የመጀመሪያው ሳህን ከተነሣ በኋላ በስንት ደቂቃ መምጣቱ፣ ትኩስ ምግብ በሞቀ ሳህን መቅረቡ። ዓይን ተሸፍኖ የሚለካ አይደለም።
ሁለተኛ፣ የሚሼሊን መርማሪ ቋሚ ደመወዝተኛ ነው። ከሙያው የወጣ ነው። ስሙን ሳይናገር ይገባል፣ ሂሳቡን ራሱ ይከፍላል። ለሦስት ኮከብ የተለያዩ መርማሪዎች ደጋግመው ይሄዳሉ፣ ተሰብስበው ነው የሚወስኑት። ይህ አምስት ስኒ ካልሆነ ምን ይባላል?

ቀማሽ፦
የለጠፍከው 50ዎቹን፣ የምትከላከለው በሚሼሊን። አንዱን ምረጥ። የ50ዎቹ መራጭ ራስህ ክፈል የሚል ግዴታ የለበትም፤ ጋብዘውት የበላም ይመርጣል። ሚሼሊን ይሻላል፣ እቀበላለሁ። ግን ቅጹን ማን አየው? የቡና ገበሬ ነጥቡ ለምን እንደወረደ ወረቀቱ ላይ ያገኘዋል፤ የጥሬ ፍሬው ነጥብ 40 ከመቶ፣ የስኒው ቅምሻ 60 ከመቶ፣ የቱ ጋ እንደጎደለ ተለይቶ። ፈረንሳይ ውስጥ ማርክ ቬይራ የሚባለው ሼፍ በ2019 ከሦስቱ ኮከቦች አንዱን ሲነጥቁት መርማሪው ሱፍሌው (በተመታ እንቁላል ተነፍቶ የሚጋገር ምግብ) ውስጥ የእንግሊዝ ቼዳር አይብ አለ ብሎ ተሳስቷል አለ፤ ቢጫው ሻፍሮን የሚባለው ቅመም ነበር ብሎ ተከራከረ። ምክንያታችሁን አሳዩኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ፣ ተረታ። ኮከቡ የእነሱ አስተያየት ነው፣ አስተያየት አይከሰስም። እሺ፣ አስተያየት ከሆነ «ደረጃችን» የሚል ቃል ከየት መጣ?

አጂፕ ማዶ፦
ለመሆኑ ያንን 93 ዲግሪ በምን ነው የምትለኩት? ጀበናው ላይ ሰዓት አለ?

ቀማሽ፦
ጅማ ላይ ቀላል ነው። ከፍታችን ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ራሱ 94 ገደማ ላይ ነው። ፈልቶ ከእሳት እንደወረደ ወዲያው ይቀዳል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ነው ቴርሞሜትር ይዞ የሚጠብቀው።

የሆቴል ሰው፦
ይኸው፣ ፓኬቱ ላይ «9 ደቂቃ» የሚለው ፓስታ ጅማ ላይ 11 ደቂቃ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ግማሹ ወጥ ቤት ግን ሰዓቱን አምኖ በ9 ያወርድና መሃሉ ነጭ ነጥብ ያለው ፓስታ ያቀርባል። ከዚያ «ደረጃ የሚባል ነገር የፈረንጅ ነው» ትላላችሁ።

ቦሳ ቂጦ፦
ፓስታ የጅማ ምግብ አይደለም። ጨጨብሳ አምጣና እንነጋገር።

እትዬ ጓዳ፦
ልጆች፣ ከላይ ጀምሬ ሳነብ ቆይቼ ነው። እስቲ እነዚህ መርማሪዎች ምን ምን እንደሚያዩ ጻፉልኝ። ሳላውቅ መፍረድ አልፈልግም።

መምህር፦
እትዬ፣ የሚሼሊን አምስት ናቸው። የግብዓቱ ጥራት፣ የአበሳሰል ሙያ፣ የጣዕሞቹ መስማማት፣ የሼፉ ማንነት በምግቡ ላይ መታየቱ፣ አምስተኛው ወጥነት፤ ከሳህን ሳህን፣ ከወር ወርም እንዳይለዋወጥ።

እትዬ ጓዳ፦
አራቱ ይሁን። አራተኛው ላይ ሳቅሁ። የሼፉ ማንነት?
አንድ ዶሮ ወጥ ከ2 ኪሎ ያላነሰ ቀይ ሽንኩርት ይበላል። ደቅቆ ይከተፋል፣ ያለ ዘይት ይጣዳል፣ የራሱ ውሃ እስኪመጥ ሳይተዉት ይቁላላል። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ በኋላ ወጡ ላይ ውሃው ለብቻ፣ ጥራጊው ለብቻ ይታያል። በርበሬው ከገባ በኋላ እሳት ሲበዛ ይመርራል፣ ሲያንስ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ፣ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ እየተባለ ነው። ውሃው ባንዴ ከፈሰሰ ተቀቀለ እንጂ አልተቁላላም። 12ቱ ብልት የሚገባው ቁሌቱ ዘይቱን ወደ ላይ ሲያወጣ ነው፤ መከለሻው መጨረሻ ላይ። ይህንን ሁሉ የምትሠራ ሴት የምትደክመው የእሷ እጅ እንዳይታወቅባት ነው፤ እናቷም አያቷም እንዲህ ሠርተዋል እንዲባል። ወጥ ውስጥ የባለሙያዋ ማንነት ከታየ ኮረሪማ በዝቷል ማለት ነው።

አጂፕ ማዶ፦
እትዬ ኮከብ ይገባዎታል ወላሂ። ጎማም እንጨምራለን።

የሆቴል ሰው፦
እትዬ፣ ከልቤ ነው የምለው፤ የጻፉት ራሱ የመርማሪ ዓይን ነው። «ውሃው ለብቻ፣ ጥራጊው ለብቻ» ብለው ጉድለቱን ከነምክንያቱ ለዩ። የሠለጠነ ምላስ ስል እርስዎን ነው ያልኩት።

እትዬ ጓዳ፦
እኔን አላልክም። ሼፍ፣ ጸሐፊ፣ ዓለም የዞረ ነው ያልከው። እኔ ከጅማ የወጣሁት ለለቅሶ ነው።
ወጥነት ላሉትም መልስ አለኝ። እንጀራን ይሞክሩት። በብርድ ሊጡ ሦስት ቀን አልፎትም አልቦካ ይላል፣ በሙቀት በሁለት ቀን ይኮመጥጣል። አብሲቱ ሲበዛ እንጀራው ይጣበቃል፣ ሲያንስ ዓይን አያወጣም። ምጣዱ ሳይግል የወጣው የመጀመሪያው እንጀራና ሃያኛው አንድ አይደሉም። በየቀኑ ሕይወት ካለው ነገር ጋር ተጣልቶ አንድ ዓይነት እንጀራ የሚያወጣ ቤት እና በሚዛን ለክቶ በማሽን አቀዝቅዞ የሚያወጣ ቤት በአንድ ወጥነት ይለካሉ?

መምህር፦
ወደ ሂርማታ የመጀመሪያ ጥያቄ ልመልሳችሁ፤ «ማን ለካን» ላለው። እስከ 2025 ድረስ አፍሪካ ውስጥ የሚሼሊን ኮከብ ያለው አንድም ሬስቶራንት የለም። ግብፅ የለም፣ ሞሮኮ የለም፣ ደቡብ አፍሪካ የለም። ዳኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ጥሩ ምግብ አጥተው ይመስላችኋል? መመሪያው አዲስ አገር የሚገባው ብዙ ጊዜ የዚያ አገር የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሲከፍል ነው። ታይላንድ ለ5 ዓመት 144 ሚሊዮን ባት ከፈለች፤ የመጀመሪያው የባንኮክ መጽሐፍ በ2017 መጨረሻ ወጣ። ካሊፎርኒያ ለ2019ኙ መጽሐፍ 600,000 ዶላር ከፈለች። ኮከቡን ገዙ አላልኩም። ዳኛው እንዲመጣ ግን ተከፍሏል።

ሂርማታ፦
እንግዲያው አረፍተ ነገሩ ይታረም። «ደረጃችን ይኸው ነው» ሳይሆን «በጀታችን ይኸው ነው»።

የሆቴል ሰው፦
ይህ ቃል ላይ መንጠልጠል ነው።

ሂርማታ፦
ቃሉን የሰቀልከው አንተ ነህ፤ እኛ ተንጠለጠልንበት።

ቦሳ ቂጦ፦
እኔ የሰማሁት ሚሼሊን አፍሪካ መጽሐፍ ኖሮት እንደሚያውቅ ነው።

መምህር፦
ልክ ነህ፤ በ1907 ለአልጄሪያና ለቱኒዚያ አውጥቶ ነበር። ያኔ ግን ኮከብ አልነበረም። ስለ መንገድ፣ ስለ ጋራዥ፣ ስለ ማደሪያ ነው።

የሆቴል ሰው፦
ክፍያውን አልክድም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያወሩት መምህር። ባንኮክ ላይ ከፍለው ካመጧቸው በኋላ ኮከብ ካገኙት አንዷ ከሰል ላይ በመጥበሻ የሸርጣን ኦምሌት የምትጠብስ የመንገድ ዳር ሴት ናት፣ ጄይ ፋይ። ሲንጋፖር ላይ በ2016 በጥቂት ዶላር የሚሸጥ የዶሮና የሩዝ ሳህን ኮከብ አግኝቷል። የጠረጴዛ ልብስና የብር ማንኪያ አልጠየቁም። እና የተዘጋጀ ቤት ቢኖረን ኖሮ አይታይም ነበር ማለት ምቀኝነት ነው።

ቀማሽ፦
የሲንጋፖሩ በ2021 ኮከቡን ተነጥቋል። ስሙ ሲገን ቅርንጫፍ አበዛ፤ አምስተኛውን መስፈርት፣ ወጥነትን፣ ወደቀ። ይህንንስ በጎ ብዬ ነው የማየው፤ ሚሼሊን ቢያንስ ይነጥቃል። ግን ያው ሚሼሊን በ2005 የቤልጂየምና የአካባቢውን መጽሐፍ ሲያወጣ ኦስተንድ ከተማ ያለ ሬስቶራንት በጥሩ ዋጋ ጥሩ ምግብ ብሎ አሞገሰ፤ ቤቱ ገና በሩን አልከፈተም ነበር። 50,000 ቅጂ ከገበያ ተሰበሰበ። የሠለጠነ ምላስ አልዋሸም ልትለኝ ነው? እርግጥ ነው ምላሱ አልዋሸም፤ አልቀመሰማ።

አጂፕ ማዶ፦
ያልተከፈተ ቤት ገብቶ በልቶ፣ ሂሳቡን ራሱ ከፍሎ። ይህ ሰው ሠልጥኗል።

ሂርማታ፦
እኔ የምለው፣ ለምን ሕዝቡ አይፈርድም? ስልካችን ውስጥ ያለው ካርታ ላይ ተመጋቢ የሚሰጠው ኮከብ አለ፣ አስተያየት አለ። 400 ሰው ከሰጠው 4.6 በላይ ማን አለ?

መምህር፦
ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። በ2017 አንድ የለንደን ጋዜጠኛ ደልዊች ሰፈር ጓሮው ውስጥ ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ትሪፕአድቫይዘር የሚባለው የተጓዦች አስተያየት መስጫ ድረ ገጽ ላይ ሬስቶራንት ብሎ አስመዘገበ። ፎቶዎቹን በጺም መላጫ አረፋና በሳህን ማጠቢያ ኪኒን ሠራቸው። ወዳጆቹ «በላን፣ ጣፈጠን» ብለው ጻፉ። ስልክ ሲደወል «ሞልቷል» ይላል። በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ከ18,000 ከሚበልጡ የለንደን ሬስቶራንቶች አንደኛ ወጣ። አንድ ሳህን ሳያወጣ።

አጂፕ ማዶ፦
«ሞልቷል» የሚለው ነው አንደኛ ያወጣው። ጅማ ላይም የሚሠራ ዘዴ ነው።

ሂርማታ፦
ቲክቶክ ላይ «የጅማ ምርጥ 10» እየተባለ የሚወጣውስ? አሥሩም ቤት ላይ አንድ ዓይነት ሙዚቃ፣ አንድ ዓይነት ሥጋ ሲጤስ። የሚያሳዩት ጭስ ነው። በዚያም ላይ ሦስተኛ የወጣ ቤት አንደኛ የወጣውን ሊደበድብ ነው።

የሆቴል ሰው፦
ለዚህ እኮ ነው የባለሙያ ዝርዝር የሚያስፈልገው። እናንተ ግን ባለሙያውንም ሕዝቡንም ጣላችሁ፤ የቀረ ማን አለ?

ቀማሽ፦
ምላስን አልጣልኩም። ስሙን ከስኒው ላይ አንሡ ነው ያልኩት። በ2001 ቦርዶ ላይ 54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ሲሰጣቸው በቀይ ወይን ቃላት ገለጡት። የሠለጠኑ ናቸው። ዓይናቸው ቀድሞ ፈረደ፣ ምላሳቸው ተከተለ።
የሚቻለውን ልንገራችሁ። ጅማ ላይ «ይህ ቤት ከዚያ ይበልጣል» የሚል ሰው ልዩነቱን መለየት መቻሉን መጀመሪያ ያሳይ። ሦስት ሳህን፤ ሁለቱ ከአንድ ቤት ድስት፣ አንዱ ከሌላ ቤት። የተለየው የቱ ነው? ሳህኖቹ ላይ ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ይጻፋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ከተጻፈ ሰው ሀን ይመርጣል። የሳህኑ ቀለም አንድ፣ ሙቀቱ እኩል፣ 60 ዲግሪ አካባቢ። አደራደሩ ስድስት ዓይነት ነው፤ ለ30 ቀማሽ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ይደርሳል። 30 ሰው ዝም ብሎ ቢገምት እንኳ 10 ያህሉ ያገኙታል። ስለዚህ ቢያንስ 15 ሰው ካላገኘው ልዩነት አለ ብሎ አፍ መክፈት አይቻልም።

የሆቴል ሰው፦
ልዩነት መኖሩን ይነግርሻል እንጂ የቱ እንደሚበልጥ አይነግርሽም።

ቀማሽ፦
ልክ ነህ። መጀመሪያ ልዩነት ይኑር፣ ከዚያ እንበላለጣለን። ዝርዝሩ ላይ 14ኛ እና 15ኛን የሚለይ ምላስ ካለ አምጣልኝ።

ቦሳ ቂጦ፦
እናድርገው! በምን ይሁን? ክትፎ።

ሂርማታ፦
የቱ ሥጋ ቤት ክትፎ? ግማሻችን ከሙስሊም ሥጋ ቤት፣ ግማሻችን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት። 30 ሰው ከአንድ ድስት አይቀምስም። የእነ ሚሼሊን መስፈርት ውስጥ ይህ የለበትም።

መምህር፦
በነገራችን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጅማ ላይ ማንኛውም የሥጋ ደረጃ ከመጀመሪያው ሁለት ዝርዝር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ግማሹን ሳይቀምስ ነው የሚያስቀምጠው።

አጂፕ ማዶ፦
ያልተከፈተ ቤት መርማሪውን እንጥራው።

ቦሳ ቂጦ፦
ሽሮ ይሁን። በዘይት። ረቡዕም ዓርብም ይሆናል፣ ማንም አይቀርም።

እትዬ ጓዳ፦
ሽሮ ጥሩ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለውን የሽምብራና የባቄላ መጠን ግን ሁሉም ቤት አይናገርም። ቅመሙም ይለያል፤ በሶብላ የሚያበዛ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት ላይ የሚቆም አለ። ዱቄቱ ባንዴ ከተበተነ ይጓጉላል፤ ውሃው ቁሌቱ ላይ ሲፈላ እየነሰነሱ ማማሰል ነው፣ ከዚያ በቀስታ እሳት ጥሬው እስኪጠፋ። ጥሬነቱ የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ነው እንጂ ምላስ ላይ አይደለም።

ቀማሽ፦
ግሩም። ሁለት ቤት እንመርጣለን፣ በክዳን ይመጣል፣ እኩል 60 ዲግሪ ሲሆን በትንንሽ ነጭ ኩባያ እቀዳለሁ።

እትዬ ጓዳ፦
ቆይ፣ በምን?

ቀማሽ፦
በኩባያ፣ እትዬ። ቁጥር ተጽፎበት።

እትዬ ጓዳ፦
ተጋቢኖ እኮ በሸክላው እየፈላ ነው የሚቀርበው። ከሸክላው አውጥተሽ 60 ካወረድሽው ላዩ ይቆዳል፣ ሥሩ ይደርቃል። ያ ሽሮ አይደለም፣ የሽሮ ሬሳ ነው።

የሆቴል ሰው፦
ይኸው! ከጠዋት ጀምሮ ምን አልኩ? «ሳህን ከወጥ ቤት ወጥቶ በ3 ደቂቃ ካልተበላ ሌላ ምግብ ነው።» ለዓሣ ስል ፈረንጅ አምላኪ ተባልኩ፣ ለሽሮ ሲሆን እውነት ሆነ!

ቀማሽ፦
ማንም ፈረንጅ አምላኪ አላለህም።

የሆቴል ሰው፦
ማለት ፈልጋችኋል።

ሂርማታ፦
እኔ ልል ነበር፣ ረስቼው ነው።

ቀማሽ፦
እሺ፣ ለሁለቱም ቤት እኩል ይጎዳዋል። ሁለቱም ሬሳ ከሆኑ ንጽጽሩ አይበላሽም።

እትዬ ጓዳ፦
ይበላሻል። አንዱ ቤት ወፈር አድርጎ ለሸክላ ይሠራል፣ ሌላው ፈሰስ አድርጎ ለእንጀራ። ወፍራሙ ቶሎ ይደርቃል። የምትለኪው ማን ቶሎ እንደሞተ ነው።

አጂፕ ማዶ፦
እና እንጀራውስ? በማን እንጀራ ነው የሚቀመሰው? የአንዱ ቤት እንጀራ ኮምጣጣ ከሆነ ሽሮው ላይ ሊፈርድ ነው።

ቀማሽ፦
እንጀራ የለም። ሌላ ጣዕም አይቀላቀልም። በማንኪያ ነው።

እትዬ ጓዳ፦
ሽሮ በማንኪያ?

ቦሳ ቂጦ፦
ሽሮ በማንኪያ!

እትዬ ጓዳ፦
እኔ ከዚህ ውድድር ወጥቻለሁ። የሆቴል ሰው፣ ያንን የሊማውን ዝርዝር መልሰህ ለጥፈው።